ነጭ ቅልቅል ወይን ጠጅ ከየትኛው ምግብ ጋር? ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

በሐዋሳ ምግብ ቤቶች በመስተንግዶ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ አባላት ስለ ነጭ ቅልቅል ወይን ጠጅ ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቅልቅል የሚባለው ከየበርሜሉ የተረፈው ተሰብስቦ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ከአንድ በላይ የወይን ዝርያ ታስቦበት የተዋሐደበት መጠጥ ነው። በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ድራይ (ጣፋጭነት የሌለው) ነጭ ወይን ጠጅ በአብዛኛው የሚሠራው ሶቪኞን ብላን እና ሴሚዮን ከሚባሉ የወይን ዝርያዎች ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኮምጣጣነትንና የለጋ ቅጠል መዓዛን ሲሰጥ ሁለተኛው አፍ የሚሞላ ውፍረት ይጨምርለታል።

ጥያቄ፦ የሐዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ሄደን ጥብስ ቆሮሶ በዳጣ (በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ) ስንበላ የትኛውን እንምረጥ?

መልስ፦ ብዙ ሰው «ዓሣ ከነጭ ጋር» ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን መመረጥ ያለበት ዓሣው ታይቶ ሳይሆን ማባያው ታይቶ ነው እላለሁ። ቆሮሶ ራሱ ለስላሳ ሥጋ ያለው፣ ጣዕሙም ብዙ የማይጫን ዓሣ ነው። ተጠብሶ ሎሚ ብቻ ከተጨመቀበት፣ ሶቪኞን ብላን የሚያመዝንበት ድራይ ቅልቅል ዘይቱን ከአፍ ያጥባል። ዳጣው ሲቀርብ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አልኮል የቃሪያን ማቃጠል ስለሚያባብስ፣ አልኮሉ ዝቅ ያለና ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ቅልቅል መምረጥ ይሻላል። ወይም ዳጣውን ቀነስ ያድርጉ፣ ምንም እንኳ ይህን ምክር የሐዋሳ ሰው በቀላሉ ባይቀበለውም።

ጥያቄ፦ ለዶሮ ወጥስ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ እንዲያውም አፍን ከሚያደርቅ ቀይ ወይን ጠጅ ይልቅ ደኅና ይስማማል፤ በቀዩ ውስጥ ያለው የልጣጭ ምረት ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ ይጎላልና። የሽንኩርቱ ጣፋጭነትና የንጥር ቅቤው ክብደት ቀጭን መጠጥን ስለሚውጡት ግን፣ እንደ ቪዮኝዬ እና ማርሳን ያሉ ዝርያዎች የገቡበትን ወፍራም ቅልቅል ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ እንጀራ ሲኖር ወይኑ ውሃ ውሃ ይለኛል፤ ለምን?

መልስ፦ እንጀራው ኮምጣጣ ስለሆነ ነው። ምግቡ ከመጠጡ በላይ ከኮመጠጠ የመጠጡ ጣዕም ይደበዝዛልና፣ ኮምጣጣነቱ ጠንከር ያለውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ በመንገዳችን ባቱ ላይ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔስ ቅልቅል ነው?

መልስ፦ እርሱ ስያሜው እንደሚናገረው ሻርዶኔ የሚባለው የአንድ ዝርያ ወይን ጠጅ ነው። ከአልጫ ዶሮና ክሬም ከገባበት ዓሣ ጋር ግን እኔም በደስታ አቀርበዋለሁ።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ይቀዝቅዝ?

መልስ፦ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል፤ ቀጭኑን ወደ 8፣ ወፍራሙን ወደ 12 ያስጠጉት። በረዶ ብርጭቆው ውስጥ መጨመር መጠጡን ስለሚያቀጥነው አልመክርም፤ ጠርሙሱን በረዶና ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የተረፈውስ?

መልስ፦ ቡሹን መልሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካቆሙት ለሦስት ቀን ያህል ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ለዓሣ ጉላሽ ማብሰያ ያውሉት፤ ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ቲማቲሙ ከመግባቱ በፊት አንድ ስኒ ጨምረው፣ የአልኮሉ ሽታ እስኪጠፋ ያንተክትኩት።