ባዮቴክኖሎጂ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአዳማ ልጅ ነኝ። ፍሬሽማን ጨርሼ ዲፓርትመንት የምንሞላበት ጊዜ ደርሷል። ልቤ ያለው ባዮቴክኖሎጂ ላይ ነው፤ ማለትም ተክልን፣ እንስሳንና ረቂቅ ተሕዋስያንን ለሰው ጥቅም የማዋል ሳይንስ። አባቴ ግን «ተምረህ የት ልትቀጠር? ፋርማሲ ሙላ» ይለኛል። እናቴ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋ ግን ወደ አባቴ እንደሚያደላ ይገባኛል። እውነቱን ንገሩኝ፣ ሥራ አለው?
ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ካልክ ከመራራው ልጀምር። አባትህ ያለ ምክንያት አልሰጉም። እኔም የተማርኩት ይህንኑ ነው። የሥራ ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ «ባዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ ወይም ተዛማጅ» ነው የሚለው፤ «ተዛማጅ» የምትለዋ ውስጥ መሆንህን ለመዝጋቢው የምታስረዳው አንተው ነህ። እኔን ሁለት ቦታ «አይመለከትህም» ብለው ዶክመንቴን መልሰውልኛል፤ ያን ቀን የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ሆስፒታል ላቦራቶሪ እገባለሁ ብለህ ካሰብክም ተወው፤ እሱ የሕክምና ላቦራቶሪ ተምረው የሙያ ፈቃድ የያዙ ሰዎች ቦታ ነው።

ግን አንተ ያለህበት ከተማ ጥሩ ቦታ ላይ ነው። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብህ ነው። ወንጂ የሸንኮራ አገዳ አገር ነው። ቢሾፍቱ ብትሄድ ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም አለ፤ የዶሮ ፈንግልን ጨምሮ የከብቱም የበጉም ክትባት እዚያ ይመረታል። ሆለታ ደግሞ የብሔራዊ ግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት።

ቲሹ ካልቸርን ልንገርህ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ከጤነኛ ሙዝ ወይም አገዳ የእድገት ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ ትወስዳለህ፣ ታጸዳዋለህ፣ ስኳር፣ ማዕድናትና ሆርሞን ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ ከዚያ ቡቃያው ሲበዛ እየከፈልክ እንደገና ትተክለዋለህ፣ ከአንዷ ቁራጭ በወራት ውስጥ ብዙ መቶ ችግኝ ይወጣል። ገበሬው በሽታ ያልነካው ችግኝ አገኘ ማለት ነው። ታዲያ ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ጠርሙሱን በ121 ዲግሪ ሙቀት በትክክል ካላመከንከው ሻጋታ ይገባና የሳምንታት ልፋት ይጣላል።

ይህንን ግን በኖት አትማረውም። እኛ ስንማር ዲኤንኤ የሚያባዛውን ፒሲአር ማሽን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ስለው ነው ያስረዱን። ጥቂት ፈሳሽ የሚለካበትን ፒፔት በእጄ የያዝኩት ኢንተርንሺፕ ስወጣ ነው፤ አንዱ ቴክኒሺያን ጎኔ ቆሞ በቀን ሃምሳ ጊዜ ውኃ እያስለካ አስተማረኝ። በኋላ ሥራ ያስገባኝ ጂፒኤዬ አልነበረም፣ በፈተናው ላይ እጄ አለመንቀጥቀጡ ነው። ስለዚህ ከገባህ ክረምትህን ቤት አትቀመጥ፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀምረህ ላቦራቶሪ በር ላይ ቁም፤ ጠርሙስ እጠብ ቢሉህም እጠብ። ጎን ለጎን ስታቲስቲክስና ትንሽ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ልመድ። ምርምር ውስጥ ማደግ ከፈለግክ ደግሞ ማስተርስ እንደማይቀርልህ ከአሁኑ እወቀው፤ አባትህም ይወቁት።

ፎርሙን ከመሙላትህ በፊት ግን ከዩኒቨርሲቲህ የትብብር ደብዳቤ አጽፍና መልካሳ ሂድ። አባትህንም ይዘሃቸው ሂድ። ከኃላፊዎቹ ይልቅ ነጭ ጋውን የለበሱትን ወጣቶች ጠይቁ፦ ምን ተማራችሁ፣ እንዴት ተቀጠራችሁ፣ ደመወዙ ያኖራል ወይ። አባትህ ከእኔ ይልቅ እነሱን ያምናሉ።