«ፓላቨር» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ ኬር ሆም ነው የምሠራው። አንዲት እንግሊዛዊት ባልደረባዬ የሚሞላው ቅጽ ሲበዛባት «ዋት ኤ ፓላቨር!» ትላለች። ናይጄሪያዊው ባልደረባችን ደግሞ ሰዎች ሲጣሉ «ፓላቫ» ይላል። መዝገበ ቃላት ሳይ «ረጅም ውይይት» የሚል አገኘሁ። የቱ ነው ትክክል? በአማርኛስ ምን ልበለው?

መልስ፦ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ቃሉ አንድ ሆኖ ብዙ አገር ስለዞረ ነው ትርጉሙ የበዛው።

መነሻው ግሪክ ነው። «ፓራቦሌ» አንዱን ከሌላው ጎን አድርጎ ማስተያየት ማለት ነው። የእኛም «ምሳሌ» የወጣው «መሰለ» ከሚለው የግእዝ ግስ ስለሆነ ሐሳቡ ይገናኛል። ላቲን ቃሉን ተውሶ «ፓራቦላ» አለው፤ በላቲኑ ወንጌል የክርስቶስ ምሳሌዎች የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። በሕዝቡ አፍ ግን እየሰፋ ሄደና ማንኛውንም ንግግር፣ በኋላም «ቃል»ን ራሱን መጥሪያ ሆነ። የጣልያንኛው «ፓሮላ»፣ የስፓኒሹ «ፓላብራ» እና የፖርቱጋልኛው «ፓላቭራ» ሁሉም «ቃል» ማለት ናቸው። እኛ ፓርላማ የምንለውም ከዚሁ ዘር ነው።

ወደ እንግሊዝኛ የገባው በመርከበኞች በኩል ነው። ፖርቱጋሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን የምዕራብ አፍሪካን ጠረፍ ተከትለው ወረዱ። በ1482 እ.ኤ.አ. ዛሬ ጋና በምንለው አገር የኤልሚናን ምሽግ ሠሩ። መጀመሪያ ወርቅ፣ እያደር ደግሞ ሰው ይገዙ ነበር። ከአገሬው ሹማምንት ጋር የሚያደርጉት ንግግርና ድርድር «ፓላቭራ» ተባለ። የእንግሊዝ መርከበኞች ቃሉን ከዚያው ጠረፍ ለቅመው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራቸው አስገቡት። እዚያ ሲደርስ ግን ክብሩ ወረደ። ድርድር የነበረው ፍሬ የሌለው ወሬ ሆነ፣ ቀጥሎም ግርግርና ውጣ ውረድ። እንደ እኔ እምነት ይህ አወራረድ የነጋዴውን ዓይን ያሳያል። ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ የሚቀመጥ ሸንጎ፣ ጭነቱን አስጭኖ ለመሄድ ለሚቸኩል ሰው ጊዜ ማባከን ነው የሚመስለው።

አፍሪካ ውስጥ ግን ቃሉ ክብሩን አላጣም። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የመንደር ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበትን ዛፍ «የፓላብር ዛፍ» ይሉታል። ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ማስታረቅን እናውቃለን። ላይቤሪያ ደግሞ «ፓላቫ ሃት» አለ፤ ሰዎች ጠባቸውን ይዘው የሚመጡበት፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የሣር ጎጆ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ካበቃው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የአገሪቱ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ2009 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ይኸው ሥርዓት ለብሔራዊ እርቅ እንዲውል ሐሳብ አቅርቧል።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ። ለናይጄሪያዊው «ፓላቫ» ከ«ነገር» የተሻለ ቃል አላገኘሁም። መንገዳቸውን ያስተያዩት። በግእዝ «ነገረ» ተናገረ ነው፤ «ነገር»ም ቃል፣ ንግግር ማለት ነው። አማርኛ ከዚያ ተነሥቶ ነገርን ጉዳይ አደረገው፣ ከጉዳይም ሙግት፣ ከሙግትም ጠብ። ለዚህ ነው ጠበቃ «ነገረ ፈጅ»፣ ጠብ የሚወድ ሰው «ነገረኛ» የተባለው። ፖርቱጋሎቹ ይዘውት የመጡት ቃልም ከ«ቃል» ተነሥቶ ጠብ ላይ ደረሰ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ በአንድ መንገድ መጓዛቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ስንል ደግሞ የፓላቨርን መነሻና መድረሻ ጎን ለጎን አስቀምጠናል።

ስለዚህ ባልደረባዎ «አይ ኖ ዎንት ፓላቫ» ሲልዎ «ነገር አልፈልግም» ብለው ይተርጉሙት። «ውይይት አልፈልግም» ካሉ ሰውየውን ያልሆነውን ያደርጉታል። ለእንግሊዛዊቷ የሚስማማው «ጣጣ» ነው፦ «ይሄ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ፊርማ?» ጠብ የለበትም፣ ምሬት ብቻ ነው። በድሮ የጉዞ መጻሕፍት ሲያገኙት ደግሞ እንደ ቦታው «ድርድር» ወይም «ሸንጎ» ይበሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ አገር የሰዎችን ስብሰባ ወይም ሽምግልና «ፓላቨር» ብለው አይጥሩ። ማቃለል ይሆንብዎታል። የአገራችንን ሽምግልና ለባልደረቦችዎ ሲያስረዱም በዚህ ቃል ባይጠቀሙ እመርጣለሁ፤ «ሽምግልና» ብለው ስሙን ከነገሯቸው በኋላ ሥራውን ያብራሩላቸው። የላይቤሪያው ግን የተቋም ስም ስለሆነ በአማርኛ ዜና ሲጻፍ «ፓላቫ ሃት» ተብሎ እንዳለ ቢቀመጥና አጠገቡ «የእርቅ ጎጆ» የሚል ማብራሪያ ቢታከል ይበቃል።