ሳንዲ ፖይንት ላይ ውሃው ለምን ቡናማ ይሆናል? ስለ ቼሳፒክ ቤይ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖቼ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በኩል ያለውን የባሕር ወሽመጥ፣ የቼሳፒክ ቤይን ውሃ ናሙና እየወሰድኩ ስመረምር ዓመታት ሆኖኛል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሐበሾች ለሽርሽር ስትሄዱ ያያችሁትን ትጠይቁኛላችሁ። ዛሬ የላካችሁትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፋይቶፕላንክተን ቆሻሻ ነው እንዴ?

በፍጹም። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን የሚያድግ ደቂቅ ሕይወት ነው። ለከብት ሣር እንደሆነው ሁሉ ለዓሣው፣ ለክራቡና ለኦይስተሩ (ጠንካራ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ) የምግብ መነሻው እሱ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከሚበላው በላይ ሲበቅል ነው።

ጥያቄ፦ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ለምን ይበዛል?

በሰስኩሃና ወንዝ ምክንያት። ቤዩ ውስጥ ከሚገባው ጨው አልባ ውሃ ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው ይህ አንድ ወንዝ ነው። ኒውዮርክና ፔንሲልቬንያ ላይ በረዶ ሲቀልጥና ሲዘንብ፣ ከእርሻው ማዳበሪያውን፣ ማለትም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጠርጎ ይወርዳል። ቀኑም እየረዘመ ነው። ያኔ ዳያቶም የሚባለው የፋይቶፕላንክተን ዓይነት በአንዴ ይበዛል። ቡናማ ስለሆነ ውሃውንም ቡናማ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማዳበሪያው የሚገባው ከላይ ከሆነ፣ ወንዙ አፍ ላይ ለምን አይበዛም?

ይህን የጠየቅሽኝ እህቴ፣ ዋናውን ነገር ነክተሻል። እዚያ ምግቡ ሞልቷል፤ ብርሃን ግን የለም። ጣና ዳር ያደጋችሁ ክረምት ላይ ውሃው እንዴት እንደሚደፈርስ ታውቃላችሁ። ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን በገመድ አውርደን የት ጋ ከዓይን እንደሚጠፋ እንለካለን። ደለሉ በበዛበት ቦታ ወዲያው ይሰወራል። ደግሞም ወንዙ ሲሞላ ውሃው ይፈጥናል፤ ሕዋሱ ሳይባዛ ተጠርጎ ይሄዳል። ትንሽ ወደ ታች ደለሉ ሲረጋ፣ ውሃው ሲጠራና ሲዘገይ ነው ቡቃያው (የፋይቶፕላንክተኑ በአንዴ መብዛት) የሚደራው። ስለዚህ ማዳበሪያውን ብቻ ለክቶ መተንበይ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ናይትሮጅን ይቀነስ ወይስ ፎስፈረስ?

ሁለቱም። በመካከለኛው የቤዩ ክፍል በስፕሪንግ የሚያጥረው በብዛት ፎስፈረስ ነው፤ ሰመር ላይ ናይትሮጅን። አንዱን ብቻ ብንይዝ ሌላው ወቅት ያመልጠናል።

ጥያቄ፦ ዓሣው የሚሞተው ሰመር ላይ ነው። የስፕሪንጉ ቡቃያ ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል። ያልተበላው ዳያቶም ሞቶ ወደ ታች ይሰምጣል። ባክቴሪያ ሲያበሰብሰው ኦክሲጅኑን ይጨርሳል። ላይ ያለው የወንዝ ውሃ ቀላል ነው፣ ታች ያለው ጨዋማው ከባድ። ስለዚህ አይቀላቀሉም፤ አየሩም ወደ ታች አይደርስም። ጁላይ ላይ ከጥልቁ ያወጣሁት ናሙና ኦክሲጅን አልባ ሲሆን ሁሌም ያመኛል። የጁላዩ ጥፋት ኤፕሪል ላይ የተጠነሰሰ ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብ ቢበዛ አይታጠብም?

አይ ወንድሜ። ጁን 1972 አግነስ የተባለው ማዕበል ያመጣው ጎርፍ ቤዩን በደለል ሞላው፣ ጨዋማነቱንም አወረደው። ብዙ ኦይስተርና የውሃ ሣር አለቀ።

ጥያቄ፦ ሙቀቱስ?

ሲሞቅ እድገቱ ይፈጥናል፤ ሞቃት ውሃ ግን ኦክሲጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። ሁለቱ ሲደራረቡ ክፉ ነው።

ጥያቄ፦ ኦይስተር ያጠራዋል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። አንድ ትልቅ ኦይስተር በደህና ሁኔታ በቀን እስከ 190 ሊትር ያህል ያጣራል፣ ፋይቶፕላንክተኑንም ይበላል። የቀረው ግን ከድሮው እጅግ ጥቂት ነው። ለምግብ ብዙ ስለተለቀመና በበሽታ አለቀ። ለዚህ ነው እንደገና ለማራባት የሚደረገውን ሥራ የምደግፈው።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ላዋኝ?

ከባድ ዝናብ ከጣለ 48 ሰዓት ጠብቂ። የባሕር ዳርቻውን ማስታወቂያ እዪ። ውሃው ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የተንሳፈፈ ካለ አይግቡ፤ ውሻም ካላችሁ አይጠጣ። የጓሮ ሣር ላይ ማዳበሪያ የምትረጩም፣ ዝናብ ሊጥል ሲል አትርጩ። ጠርጎ የሚወስደው እዚያው ልጆቹ የሚዋኙበት ውሃ ውስጥ ነው።