መጽሐፉን ይቀደዋል ብለሽ እንዳትተዪ

እህቴ፣ «ዳውን ሲንድሮም ያለበት የሦስት ዓመት ልጄ መጽሐፍ ሳነብለት አያዳምጥም፣ ይቀደዋል፤ ልተወው ወይ?» ብለሻል። በማርያም እንዳትተዪ! እኔ ትቼ አንድ ሙሉ ዓመት አቃጥያለሁ። የኔም ልጅ ዳውን ሲንድሮም አለባት፤ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው።

1. መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሪ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። ሳነብላት ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «እነዚህ ልጆች እንዲሁ ናቸው፤ ምን መጽሐፍ ያስፈልጋታል?» አለኝ። እያለቀስኩ ወጣሁ። መጻሕፍቷን ካርቶን ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር ገፋኋቸው። ከዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ሲያያት ከታምቡሯ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ቱቦ ስለሚጠብባቸው ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ለካ ልጄ ድምፄን በቅጡ አልሰማችም ነበር! ያ ሰውዬ ጆሮዋን ገልጦ ቢያይ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዓይኑንም አብረሽ አሳዪው፤ የኔዋ መነጽር ታዞላታል።

2. መቅደዱ ጥጋብ አይደለም። የእነዚህ ልጆች ጡንቻ ልል ስለሆነ ስስ ወረቀት መግለጥ ያቅታቸዋል። ወፍራም የካርቶን ገጽ ያለው መጽሐፍ ፍለጋ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ስዞር ዋልኩ፤ ያገኘሁትም ዋጋው አይቀመስም። በመጨረሻ ራሴ ሠራሁት። የአያቷን፣ የድመታችንን፣ የጀበናችንን ፎቶ አሳጥቤ ላሚኔት አስደረግኩ፤ በቀለበት አሰርኩት። ከሥሩ አንድ አንድ ቃል በትልቁ ጻፍኩ። እነዚህ ልጆች በጆሮ ከሰሙት ይልቅ በዓይን ያዩት ይያዝላቸዋል። በየገጹ ጠርዝ ትንሽ ስፖንጅ ለጥፊበት፤ ገጾቹ ስለሚራራቁ ጣቱ በቀላሉ ይገባል።

3. አትፈትኚው። እኔ «ይሄ ምንድን ነው? በይ እንጂ!» እያልኩ አስጨንቃት ነበር። አሁን ቃሉን እላለሁ፣ በጣቴ አሳያታለሁ፣ ከዚያ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። አንድ ማታ ጀበናው ላይ ደርሰን ሰባት ስቆጥር እጇን እንደሚቀዳ ሰው አዘነበለችና «ቡ!» አለች። ቡና ማለቷ ነው። ባሌን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አስደገምኳት።

ያቺ ገጽ ሦስቴ ካልተነበበች አሁንም አትተኛም። ጠርዟ ስለተላጠ ነገ ሌላ ላሳትም ነው። የጆሮውን ውጤት ግን ንገሪኝ እሺ?