ስለ ሳንባና ስለ ጽኑ ሕሙማን ሕክምና ጥናቶች፦ ጥያቄና መልስ

በሳንባ ሕመምና በጽኑ ሕሙማን ሕክምና ላይ ስለሚደረጉ ጥናቶች ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በመሣሪያ ለሚተነፍስ ታካሚ የአየሩን መጠን ለመወሰን ክብደቱን ትቼ ቁመቱን እንድለካ የታዘዝኩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሰው ቢወፍር ሳንባው አብሮ ስለማያድግ ነው። የሳንባ ስፋት የሚከተለው ቁመትንና ጾታን በመሆኑ፣ ለወንድ ከ50 ኪሎ፣ ለሴት ከ45.5 ኪሎ እንነሣና ከ152.4 ሴንቲ ሜትር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 0.91 ኪሎ እንጨምራለን። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ ሚዛን ላይ 90 ኪሎ ቢሆንም የሚሰላለት በ66 ኪሎ ነው፤ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲታሰብ ለአንድ ትንፋሽ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል። መነሻው በ2000 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ጥናት ነው። ሳንባቸው በጽኑ የተጎዳ 861 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ሲመደቡ፣ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው 39.8 ከመቶ ሞቱ፤ 6 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው ግን የሞቱት 31 ከመቶ ናቸው። ስለዚህ ታካሚው በተኛበት ከራሱ እስከ ተረከዙ በሜትር መለካት መድኃኒት ከመስጠት የማያንስ ሕክምና ነው።

ጥያቄ፦ በኮሮና ጊዜ መሣሪያ የተገጠመለትን ታላቅ ወንድሜን በሆዱ አስተኝተውት አየሁ። እየሞከሩበት ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። በጀርባ ስንተኛ በስተጀርባ ያለው የሳንባ ክፍል ስለሚጨፈለቅ አየር በደንብ አይደርሰውም፤ በሆድ ሲተኛ ይከፈታል። በ2013 ይፋ በሆነውና በአብዛኛው በፈረንሳይ በተካሄደው ጥናት 466 ታካሚዎች ተሳትፈው ነበር፤ በአንድ ጊዜ ቢያንስ ለ16 ሰዓት በሆዳቸው ከተኙት በ28 ቀን ውስጥ 16 ከመቶ ሲሞቱ፣ በጀርባቸው ከቆዩት የሞቱት 32.8 ከመቶ ነበሩ።

ጥያቄ፦ የሕክምና ተማሪ ነኝ። በአውሮፓና በአሜሪካ የተዘጋጁ መመሪያዎችን እንዳሉ ወስደን ብንሠራባቸው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ችግሩ ሕይወት እስከማስከፈል ይደርሳል። የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ሕፃን በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ፈጥኖ መስጠት ለረጅም ጊዜ ያለ ጥርጥር ሲሠራበት ኖሯል። ከ3,000 በላይ ትኩሳት ያለባቸው ሕፃናት በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ የተሳተፉበት ጥናት በ2011 ሲወጣ ግን፣ ፈሳሹን በፍጥነት ካገኙት በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት 10.5 ከመቶ ገደማ፣ ለዕለት ፍላጎታቸው የሚበቃ ብቻ ካገኙት ደግሞ 7.3 ከመቶ ሆነው ተገኙ። በ2017 የታተመው የሉሳካ ጥናትም በአዋቂዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ታካሚዎቹ ኢንፌክሽን በደማቸው ተሰራጭቶ የደም ግፊታቸው የወረደ፣ አብዛኞቹም ኤች አይ ቪ ያለባቸው ነበሩ። በመመሪያ መሠረት ፈሳሽ፣ የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒትና ደም ቶሎ ከተሰጣቸው 48.1 ከመቶ ሲሞቱ፣ በሆስፒታሉ ልማድ ከታከሙት የሞቱት 33 ከመቶ ናቸው። እኔ እንደማምነው፣ የምግብ እጥረትና የደም ማነስ ባለበት ሰውነት፣ ፈሳሽ ሳንባ ሲሞላም መሣሪያ በማይገኝበት ዋርድ፣ ያው ሕክምና ሌላ ሕክምና ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የሚሠራበት እዚህ መጠናት አለበት።

ጥያቄ፦ የሳንባ ምች ለያዛቸው ሕፃናት ሲፓፕ (በአፍንጫ በኩል በማያቋርጥ ግፊት አየር የሚሰጠው መሣሪያ) ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

መልስ፦ የሚሰጠው ማን እንደሆነና ሕፃኑን ማን እንደሚከታተለው ሳይጠየቅ መልስ የለውም። በማላዊ አንድ የወረዳ ሆስፒታል፣ ሐኪም በየቀኑ በማይከታተልበት ሁኔታ፣ ለከፋ አደጋ በተጋለጡ ሕፃናት ላይ ሲሞከር ሲፓፕ ካገኙት 17 ከመቶ፣ ኦክስጅን ብቻ ካገኙት 11 ከመቶ ሞተዋል። በኢትዮጵያ ጠቅላላ ሆስፒታሎች ደግሞ ባለሙያዎች ሠልጥነው በአረፋ የሚሠራው ዓይነት ሲሞከር ከተለመደው የኦክስጅን አሰጣጥ የተሻለ ውጤት ታይቷል። እነዚህን ውጤቶች ሳይ መሣሪያ ከመግዛት በፊት የነርሶች ቁጥር ይቅደም እላለሁ።

ጥያቄ፦ መድኃኒትን በዕጣ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መንሣት ከሕሊና ጋር እንዴት ይታረቃል? ራሱን የሳተ ሰውስ እንዴት ይፈቅዳል?

መልስ፦ ዕጣ የሚጣለው የቱ እንደሚሻል በእውነት ሳይታወቅ ሲቀር ብቻ ነው። የሰውነት መቆጣትን የሚያበርደው ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት ለኮሮና ይጥቅም ይጉዳ ሐኪሞች ሲከራከሩ፣ በ2020 የወጣው የብሪታንያ ጥናት በመሣሪያ ከሚተነፍሱት የሚሞቱትን ከ41.4 ወደ 29.3 ከመቶ እንደሚያወርድ አረጋገጠ። ያለ ዕጣ ይህን ማወቅ ባልተቻለ ነበር። ራሱን ለሳተ ታካሚ የቅርብ ቤተሰቡ ይጠየቃል፤ ሲነቃ ደግሞ እሱ ራሱ ይጠየቃል። ቤተሰብ አልፈቅድም ቢል የታካሚው ሕክምና በምንም አይጓደልም፤ ተጓድሎ ካዩ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ኮሮና ሲይዘኝ ዴክሳሜታዞን ገዝቼ ልውሰድ?

መልስ፦ አይውሰዱ። ያው ጥናት ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ሰዎች ምንም ጥቅም አላገኘበትም፤ መድኃኒቱ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት ኢንፌክሽን የመከላከል አቅሙንም ያዳክማል። ትንፋሽ ካጠረዎት የሚያስፈልግዎ በጣት ላይ የኦክስጅን መጠን የሚለካልዎ ጤና ጣቢያ ነው።