መልስ፦ ጋምቤላ ለሁለት ዓመት ለሚኖር ሰው የወባ መከላከያ

ወንድሜ፣ ለሁለት ዓመት ሥራ ወደ ጋምቤላ እንደምትሄድ ጠቅሰህ፣ የመከላከያ ክኒን እስከ መጨረሻው መዋጥ ይገባህ እንደሆነ ጠይቀሃል። ከደጋ የሚወርድ ሰው ሰውነቱ ወባን ስላልለመደ የመጀመሪያዎቹ ወራት ያሰጉኛል፤ በተለይ ክረምቱ እንደወጣ ከሄድክ። ከመከላከያ ክኒኖቹ አንዱ የሆነው ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ ይዋጣል፤ አካባቢውን ከለቀቅህ በኋላም አራት ሳምንት ይቀጥላል። አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳው በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። እስከ መቼ እንደምትወስደው ሳትሄድ ከሐኪም ጋር ወስን።

ክኒን ዋጥክም አልዋጥክም ግን አጎበሩን አደራ! በኬሚካል የተነከረውን ግዛ፤ ጠርዙን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ወሽቀው። ተኝተህ ክንድህ ከመረቡ ጋር ከተጣበቀ ትንኟ በቀዳዳው ልትነድፍህ ስለምትችል ሰፋ ያለውን ምረጥ። ሲመሽ ውጭ ከተቀመጥክ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበስ።

ትኩሳት ከተሰማህ በዚያው ቀን ደምህን ተመርመር፤ «ድካም ነው» ብለህ አትደር። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ ወደ ደጋ ተመልሰህ ብትታመምም ጋምቤላ መኖርህን ለሐኪሙ ንገረው።