ውሻዬን ያሳክከዋል፤ ምን ልቀባው? (ጥያቄና መልስ)

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስለ ውሻ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ይሆናል፤ «ያሳክከዋል፣ ምን ልቀባው?» በቡራዩና በሱሉልታ አካባቢ በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ስለቆየሁ፣ የላካችሁልኝን በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። ዶክተር እያላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ፤ አይደለሁም፣ ረዳት ባለሙያ ነኝ። ከምትቀቡት ነገር በፊት ግን የምጠይቃችሁ የት እንደሚያክ ነው። ወገቡንና የጭራውን ሥር ከሆነ ቁንጫ፣ የጆሮውን ጠርዝ፣ ክርኑንና ሆዱን ከሆነ እከክ፣ መዳፉን ሲልስ የሚውል ከሆነ አለርጂ እጠረጥራለሁ። ይህን ሳያዩ የሚቀባ ነገር ብዙውን ጊዜ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ ማሳከኩን አያቆምም።

ከለገጣፎ፦ የግቢ ጠባቂ ውሻ አለን። ጭራው አካባቢ ፀጉሩ ረግፏል፤ ሌሊት ሲያክ የሰንሰለቱ ድምፅ እንቅልፍ ይነሳናል። ቁንጫ ብፈልግ ግን አላገኘሁም።

አለማግኘትሽ የለም ማለት አይደለም። ነጭ ሶፍት አርጥበሽ መሬት ላይ አንጥፊ፣ ከዚያ ወገቡ ላይ ያለውን ፀጉር በማበጠሪያ እያበጠርሽ የሚረግፈውን ብናኝ ሶፍቱ ላይ አራግፊው። ጥቁሩ ነጥብ ሲርስ ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ ከውሻሽ የተመጠጠው ደም ነው። ቆዳው ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ የሆነ ውሻ በጥቂት ንክሻ ብቻ ወገቡን እስኪላጭ ሊያክ ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 ዕንቁላል ትጥላለች፤ ዕንቁላሉ ውሻው ላይ አይቀመጥም፣ ወደሚተኛበት ይረግፋል። እዚያ ይፈለፈላል፣ እጭ ይሆናል፣ ከዚያም ራሱን በክር ጠቅልሎ ይተኛል። በክር የተጠቀለለው ላይ መድኃኒት በደንብ አይደርስም፤ ወራት ጠብቆ የእግር ኮቴ ሲሰማ ይነቃል። ውሻውን አጥባችሁ በሳምንቱ «ተመለሰብን» የምትሉት አልሄደም ነበርና ነው።

ስለዚህ ከውሻው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለውን ጭድ አውጥታችሁ አቃጥሉት። ማዳበሪያውን ወይም አሮጌ ብርድ ልብሱን በፈላ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ፤ ይህን በየሳምንቱ፣ ቢያንስ ለሁለት ወር። ወለሉ አፈር ከሆነ የላይኛውን ጠርጋችሁ አውጡት። ውሻውን ስታጥቡ ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ላርጎ ወይም በሕፃን ሻምፖ፣ መጀመሪያ አንገቱ ዙሪያ አረፋ አድርጉ፤ አለበለዚያ ቁንጫው ሁሉ ወደ ፊቱና ወደ ጆሮው ይሸሻል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አቆይታችሁ በደንብ አለቅልቁት። ላርጎን ግን ልማድ አታድርጉት፣ ቆዳ ያደርቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙናና በረኪና ፈጽሞ አይነካው። የሚታጠብበትም ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 7 ይሁን፤ የእኛን አገር የማታ ብርድ ታውቁታላችሁ።

መታጠቡ የሚገድለው በዚያች ሰዓት ያለውን ብቻ ነው። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ለውሻ ተብሎ የተሠራ፣ ክብደቱ ላይ ተሰልቶ የሚሰጥ ጠብታ፣ ክኒን ወይም የአንገት ማሰሪያ ካልተጨመረበት ድካሙ ከንቱ ነው። ግቢው ውስጥ ድመት ካለ ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ ማጥፊያ ያለበትን አትግዙ፤ ውሻ ይችለዋል፣ ድመት ይሞታል።

ከሰበታ፦ ጎረቤቶቼ የመኪና የተቃጠለ ዘይት ቀባው አሉኝ። የእኛ አባቶች ነጭ ጋዝም ይቀቡ ነበር። ጉዳት አለው?

አለው ጋሼ። ዘይቱ እከክ የሚያመጣውን ተባይ ያፍነዋል ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። ነገር ግን ውሻ የተቀባውን ይልሳል፤ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ደግሞ ከሞተሩ የወጣ ብረትና መርዝ አለ፣ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ነጭ ጋዝ የቆሰለ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሲልሰው ወደ ሳንባው ከገባ የሳንባ ምች ያመጣበታል። አስቀድመው ቀብተውት ከሆነ እንዳይልስ አፉን ይጠብቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉለት፣ ከዚያ በላርጎና ለብ ባለ ውሃ ደጋግመው ይጠቡት። አመድም ቢሆን አይነስንሱበት፤ እርጥበት ሲያገኘው ቆዳ ይበላል።

ከሱሉልታ፦ ለላሞቼ የገዛሁት አይቨርመክቲን ተርፎኛል። ውሻዬ ላይ እከክ ነው መሰለኝ፣ ልውጋው?

አይቨርመክቲን እከክ ላይ ይሠራል፤ እሱን አልክድህም። ችግሩ ልኩ ነው። የከብቱ መርፌ 1 በመቶ ነው፤ 1 ሚሊ ሊትር የሚሰላው ለ50 ኪሎ ከብት ነው። 12 ኪሎ ውሻ ላይ በዓይን ገምተህ 2 ሚሊ ብትወጋ ከከብቱ ልክ እንኳ ስምንት እጥፍ ሰጠኸው ማለት ነው። ዓይኑ ይፈዛል፣ ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በተፈጥሯቸው መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው የሚያልፍባቸው ውሾችም አሉ፤ ኮሊና መሰል የእረኛ ዝርያዎች፣ አንዳንድ ጀርመን ሼፐርዶችም ጭምር። በእኛ ሰፈር ደግሞ ግማሽ ጀርመን ሼፐርድ ያልሆነ የግቢ ውሻ ማግኘት ይከብዳል። ውሻውን አስመዝነህ ባለሙያ አስልቶ ይስጠው።

እከክ ለመሆኑ አንድ ፍንጭ ልስጥህ። የጆሮውን ጠርዝ በጣቶችህ ስታሸው የኋላ እግሩ በራሱ ለማከክ ከተነሳ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። እርግጡን ለማወቅ ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ያም ሆኖ ተባዩ አንዳንዴ አይገኝም፣ ያን ጊዜ ሐኪሙ በምልክቱ ብቻ ያክማል።

ዲያዚኖንስ?

60 በመቶ የሚል የተጻፈበት የተባይ መርዝ ለከብት መዥገር፣ ተበርዞ የሚረጭ ነው። ውሻ ላይ አታፍሱ። ፈሶበት ለሃጩ ከበዛ፣ ካስቀመጠው፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ጓንት አድርጋችሁ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡትና ሩጡ፤ ክሊኒክ ማርከሻው አትሮፒን አለ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ውሻችን ሙሉ በሙሉ ፀጉሩ ረገፈ። አሁን ልጆቼም ሆዳቸውንና ክንዳቸውን እያከኩ ነው። ከሱ ነው?

ሊሆን ይችላል እህቴ። የውሻ እከክ ተባይ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ቀያይ ሽፍታ አውጥቶ ክፉኛ ያሳክካል። ደግነቱ በሰው ቆዳ ላይ ተራብቶ አይቀጥልም፣ ውሻው ሲድን የልጆቹም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ቢሆንም ጤና ጣቢያ አሳያቸው፤ የሰው እከክ ከሆነ መላው ቤተሰብ ነው የሚታከመው፣ ክብ ሆኖ ጠርዙ ቀላ ያለ ከሆነ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ እሱም ከእንስሳ ይጋባል።

ግቢው ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ባያክም አብሮ ይታከም። ተባዩ በቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ከውሻው ውጪ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል መኝታውን ቀይሪለት። ለሰው እከክ የሚሸጠውን ቢቢኤል ወስደሽ ውሻው ላይ እንዳትቀቢ፣ ይልሰዋል።

ሐኪም ጋ እስክደርስ ከቤት ውስጥ ምን ያስታግስለታል?

አጃ። ቀልድ አይደለም። አጃውን እንደ ዱቄት አልመህ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው፣ ውሃው ወተት ሲመስል አሥር ደቂቃ ያህል እላዩ ላይ እያፈሰስክ አቆየው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀህ በፎጣ አድርቀው። ሙቅ ውሃ ማሳከክን ያባብሳል፣ ስለዚህ ለብታው ከእጅህ ሙቀት አይለፍ። የቆሰለና ውሃ የሚቋጥር ቦታ ካለ ዙሪያውን ያለውን ፀጉር ቁረጥለትና በጨው ውሃ ጥረገው፤ ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ጎደል ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። አቼቶና ሎሚ ቁስል ላይ ማድረግ ማሠቃየት ነው። እንዳይልሰው ከካርቶን አንገቱ ዙሪያ የሚሆን ክብ መከላከያ ቁረጥለት።

በእንዶድ ማጠብ ይቻላል? ብሳናስ?

እንዶድ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያሳዩበት ተክል ነው፤ እናቶቻችንም ነጠላ አጥበውበታል። አረፋው ያጸዳል፣ ያ እውነት ነው። የእከክ መድኃኒት ግን አይደለም፣ ዓይንም ክፉኛ ያቃጥላል፣ ውሻው ቢልሰው ያስመልሰዋል። የብሳና ወተት ለጭርት በየሰፈሩ ይታወቃል፤ ቆዳ የሚያቆስል ስለሆነ እኔ ውሻ ላይ አልጠቀመውም።

ከቱሉ ዲምቱ፦ አጠገባችን ግንባታ አለ። ውሻዬ ሆዱና መዳፉ ብቻ ነው የቀላው።

ይህን ጥያቄ ወደድኩት፤ በእኛ ዳር ዳር ሰፈሮች ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ውሻ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ያለ አሸዋና ሲሚንቶ ክምር ላይ መተኛት ይወዳል። ወገቡና ጆሮው ደህና ሆኖ መሬት የሚነካው ቦታ ብቻ ከቀላ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። በብዙ ውሃ እጠበው፣ ያን ቦታ አስከልክለው። ሳምንት ሳይሞላ ለውጥ ካላየህ ሌላ ነገር ነው።

ጆሮውን እያራገፈ ያክካል። ጫፉም ቆስሎ ዝንብ ይወርረዋል።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ካለ የጆሮ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ ጥጥ በእንጨት አትክተቱ፣ ዘይትም አታፍሱ፣ ታምቡሩ ተቀዶ እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም። ጫፉን የሚበላው የዝንብ ንክሻ ነው፤ ቆመው የሚቀሩ ጆሮዎች ላይ ይብሳል። በጨው ውሃ አጽድታችሁ ቫዝሊን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት፣ ኩሱንም ከግቢው በየቀኑ አንሱ። ትል ከታየ ወደ ክሊኒክ።

አምስት ቡችሎች አሉ፣ አንድ ወራቸው ነው፣ ቁንጫ ጨርሷቸዋል።

ኬሚካል የለም። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አንድ በአንድ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁ፣ በቀጭን ማበጠሪያ ልቀሙላቸው። የምትታከመው እናቲቱ ናት፣ እሱንም ለምታጠባ ውሻ የሚሆነውን ጠይቃችሁ። ድዳቸው ከነጣ ደማቸው አልቋል፤ ለነገ አታሳድሩት።

ከምግቡ ይሆን? የሚበላው ትርፍራፊ ነው።

የምግብ አለርጂ አለ፣ ግን ከቁንጫ ያነሰ ነው። ለመለየት ቀድሞ በልቶት የማያውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋና አንድ ዓይነት እህል ብቻ ለስምንት ሳምንት መስጠት ያስፈልጋል፤ ዘበኛውም ልጆቹም በድብቅ ሳይጨምሩበት። እውነቱን ለመናገር ይህን የጨረሰ ቤት ጥቂት ነው። ወጥ ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሙለት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም።

ፓራሲታሞል ወይም የጉንፋን እንክብል ብሰጠው?

አይሆንም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም እንዲሁ።

ከሁለት ወር በፊት ሌላ ውሻ የነከሰው እግሩን ነው የሚያክከው። ባሕርይውም ተለውጧል፣ ይደበቃል።

አትንኩት። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ የተነከሰበትን የድሮ ቁስል ሊያክና ሊነክስ ይችላል። ዝጉበትና ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ተናገሩ። የነከሰው ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ መዳን የለም፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተጀመረ ያድናል።

ከአስኮ፦ የእኔ ውሻ ማንንም አያስጠጋም። እንዴት ነው የማጥበው?

ምግብ የሚሰጠው ሰው ብቻ ይቅረበው፣ ሌላው ግቢውን ይልቀቅ። ሰንሰለቱን አሳጥረህ፣ ሰፋ ያለ ጨርቅ አፉ ላይ ጠምጥመህ ከጆሮው ኋላ ታስራለህ፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አታቆየው፣ ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአፉ ነው። እምቢ ካለ አትታገለው። ለዚህ ዓይነቱ ውሻ በአፍ የሚሰጥ የቁንጫና የእከክ ክኒን ይሻላል፤ የሚጥል በሽታ ካለበት ግን ከመግዛትህ በፊት ለሐኪሙ ንገር። ክብደቱንም መገመት ካለብህ እንዲህ አድርግ፦ ከትከሻው ኋላ ደረቱን በሜትር ለክተህ፣ ፎቶውን አንስተህ ይዘህ ሂድ። ክኒኑን ሥጋ ውስጥ ሸጉጠህ ስጠው፤ ትፍ ማለት አለማለቱን ግን ቆመህ እይ።